ሬን ፌር፦ ለብሶ መዝናናት ወይስ ተዋናይ መሆን? ከዝግጅት እስከ ማምሻ

ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ኦገስት ሲያልቅ የሬኔሳንስ ፌር (ሬን ፌር) ፎቶ ይጎርፋል፤ ተዋናዮች ንጉሥና ባላባት ሆነው የድሮ አውሮፓ መንደር የሚያስመስሉበት ፌስቲቫል ነው። አንዷ እንደ ንግሥት ለብሳ፣ አንዱ ጎራዴ ታጥቆና ክንድ የሚያህል የተርኪ ታፋ ይዞ። ፎቶው የማያሳየው ነገር ግን አለ። ንግሥቲቱ ሁለት ሰዓት ሳይሞላት ኮርሴቷን (ወገብ የሚያጠብቀውን፣ በገመድ የሚታሰረውን ልብስ) ልትፈታ መኪናዋን ፍለጋ ሄዳለች። ባለጎራዴውን በር ላይ መልሰውታል፤ ጎራዴው አፎት የለውም።

የባሰም አለ። ለብሶ የሄደ ሰው ራሱን ተዋናይ አድርጎ ይቆጥርና ንጉሡ በሰልፍ ሲያልፍ መሀል ይገባል። ወይም አንድ ቀን ለብሶ የተዝናና ሰው «ለምን እኔም አልጫወትም?» ብሎ ያመለክታል፤ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ስልክ አያነሳም።

እስከ ደረጃ 5 ያለው ለሁላችሁም ነው። ከዚያ በኋላ ያለው መጫወት ለምትፈልጉ።

ደረጃ 1፦ የትኛው እንደሆናችሁ ወስኑ

ፌሩ ውስጥ ሦስት ዓይነት ሰው አለ። በጂንስ የመጣ እንግዳ አለ። ቲኬት ገዝቶ ግን ለብሶ የመጣ አለ፤ ፈረንጆቹ «ፕሌይትሮን» ይሉታል። ሦስተኛው ተዋናዩ ነው፣ «ካስት» የሚባለው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ከሩቅ አንድ ይመስላሉ። አንዱ ሲደክመው ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ሌላው አይሄድም።

እነዚህን በሐቅ መልሱ፦

1. ለሁለት ወር ያህል ቅዳሜና እሁድን በሙሉ መስጠት ትችላላችሁ? በሙሉ ማለት በሙሉ ነው። በሜሪላንዱ ፌር ወቅት እንቁጣጣሽ አለ፣ ደመራ አለ፣ የዘመድ ሰርግ አለ፣ የእሁድ ቅዳሴ አለ። «ሠርጌ ላይ ያልመጣው ታይት ለብሶ ሊጫወት ሄዶ ነው» ተብሎ ዓመት ሙሉ መወራቱን ቻሉት።
2. ከመክፈቻው በፊት የልምምድ ሳምንታት እንዳሉ ታውቃላችሁ? እነሱም ቅዳሜና እሁድ ናቸው።
3. ላብ በላብ ሆናችሁ፣ አንድ የሰከረ ሰው እየነዘነዛችሁ፣ እንደ ገጸ ባሕርያችሁ ፈገግ ብላችሁ መናገር ትችላላችሁ?
4. እናንተን የሚያስደስታችሁ ጥላ ስር ቁጭ ብሎ ፈረስ ግልቢያውን ማየት ነው?

አራተኛውን «አዎ» ካላችሁ ነገሩ አልቋል። ለብሳችሁ ተዝናኑ። ተዋናዮች በሥራ ሰዓት የጓደኞቻቸውን ትርኢት እንኳ እንደ ልብ አያዩም።

ማስጠንቀቂያ፦ አንድም ቀን እንግዳ ሆናችሁ ሳትሄዱ ለተዋናይነት አታመልክቱ።

ደረጃ 2፦ ቦታና ቀን ምረጡ

የሜሪላንዱ ክራውንስቪል ውስጥ ነው፣ አናፖሊስ አጠገብ። ከኦገስት መጨረሻ እስከ ኦክቶበር፣ ቅዳሜ፣ እሁድና የሌበር ደይ ሰኞ ይከፈታል። ታሪኩ በእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዙሪያ ነው። አትላንታ ያላችሁ ፌርበርን አላችሁ፣ በፀደይ። ሚኒሶታ ያላችሁ ሻኮፒ፣ ከኦገስት ጀምሮ። ዴንቨር አካባቢ ያላችሁ ላርክስፐር፣ በሰመር (ጁንና ጁላይ)። ቴክሳስ ደግሞ ቶድ ሚሽን፣ በኦክቶበርና በኖቬምበር።

- ለመጀመሪያ ጊዜ ለብሳችሁ የምትሄዱ ከሆነ የመክፈቻውን ሳምንት ተዉት። ሙቀቱ አይጣል ነው። የሴፕቴምበር መጨረሻ ይሻላል።
- ቲኬቱን አስቀድማችሁ በኢንተርኔት ግዙ። ክራውንስቪል ቲኬቱ ቀን የተቆረጠለት ነው፤ ጥሩ አየር ያለው ቅዳሜ ያልቃል። «በር ላይ እንገዛለን» ብሎ ልጆች ጭኖ መሄድ ለጠብ ነው።
- የፌሩን የደንብ ገጽ አንብቡ። መሣሪያ፣ ምግብ፣ ውሃ፣ ወጥቶ መመለስ፣ ሁሉም እንደየፌሩ ይለያያል።
- ለሚጾሙ፦ የሜሪላንዱ ሲከፈት ፍልሰታ ተፈቷል፣ ረቡዕና ዓርብም አይነካም። የፀደዮቹ ግን አንዳንድ ዓመት ሁዳዴ ላይ ይወድቃሉ። እዚያ ቆሎ የሚሸጥ የለም፣ የምግብ ዝርዝሩን ቀድማችሁ እዩ።

ደረጃ 3፦ ልብሱን ከእግር ወደ ላይ አዘጋጁ

ሁሉም ከላይ ይጀምራል። ኮፍያ ይገዛል፣ ካባ ይገዛል፣ ለጫማ ገንዘብ አይተርፍም። ገልብጡት።

1. ጫማ። መሬቱ ጠጠር፣ አቧራ፣ የዛፍ ሥር ነው። ከዘነበ ጭቃ ነው። ቀኑን ሙሉ ትቆማላችሁ። ተራ ቡናማ ወይም ጥቁር የቆዳ ቦት ይበቃል። አዲስ ከሆነ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቤት ውስጥ አድርጉት። ታኮ ያለው አይሆንም።

2. ገላ የሚነካው ልብስ። ሰፊ፣ ረጅም እጅጌ ያለው ሸሚዝ ወይም ቀሚስ። ጥጥ ወይም ሊነን ይሁን፤ ሊነን ያው መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የተልባ እግር የሚባለው ነው። ፖሊስተር ላብ አይመጥም፤ እኩለ ቀን ላይ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ የገባችሁ ይመስላችኋል። የሃሎዊን ልብስ አብዛኛው ፖሊስተር ነው፣ ስያሜውን ገልብጣችሁ አንብቡ።

3. ላዩ ላይ የሚታሰረው። ለወንድ ሰደርያ፣ ለሴት ቦዲስ (ከወገብ በላይ ጠበቅ ብሎ የሚታሰር ልብስ) ወይም ኮርሴት። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሴቶች የሚሸነፉት። ሙሉ ትንፋሽ ስባችሁ ያዙና እሰሩት። ከዚያ ቤት ውስጥ ሦስት ሙከራ አድርጉ፦ ወንበር ላይ ቁጭ ማለት፣ የወደቀ ነገር ማንሳት፣ ብቻችሁን ሽንት ቤት ገብቶ መውጣት። ሦስተኛው ካልሆነ ልብሱ አልሆነም።

4. ቀበቶና የወገብ ከረጢት። ስልክ፣ የባንክ ካርድ፣ ጥሬ ገንዘብ፣ የመኪና ቁልፍ። የድሮ ልብስ አብዛኛው ኪስ የለውም፣ ይህን የሚረሳው ብዙ ነው።

5. ኮፍያ። ባርኔጣ ለፀሐይ ነው። ውበቱ ተከትሎ ይመጣል።

ገንዘብ ከሌላችሁ ሸሚዝ፣ ቀበቶና ጥሩ ጫማ ይበቃል። ብዙ ፌሮች በር አካባቢ ልብስ ያከራያሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ተከራዩ፤ 300 ዶላር የሚያወጣ ቦዲስ ገዝቶ አንዴ ከመልበስ ይሻላል።

*ቢበላሽ፦* የኮርሴት ገመድ ቢጠላለፍ ከመሀል አትጎትቱ። ከታች በኩል አላሉት፣ ቋጠሮው ራሱ ይፈታል። መተንፈስ ያቃታት ሰው ካለች ገመዱን ቁረጡት። ገመድ 3 ዶላር ነው።

ደረጃ 3 ተኩል፦ የሐበሻ ልብስ ለብሼ ብሄድስ?

ይህን በየጊዜው እጠየቃለሁ። ሂዱ፣ ግን አውቃችሁ ልበሱ።

ሄንሪ 8ኛ በነገሠበት ዘመን እኛ ጋ አፄ ልብነ ድንግል ነበሩ። የእሳቸው መልእክተኛ ጸጋ ዘአብ እ.ኤ.አ. በ1527 ሊዝበን ገብቷል። ሮም ውስጥ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ የኢትዮጵያ መነኮሳት ገዳም ነበራቸው፤ ከእነሱ አንዱ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና 1549 የግእዝ ሐዲስ ኪዳን አሳትሟል። ስለዚህ «በጸጋ ዘአብ ጓዝ ውስጥ ያለሁ አስተርጓሚ ነኝ» ብትሉ ፈጠራችሁ ታሪኩ ውስጥ ይገጥማል። «ያኔ እንግሊዝ ውስጥ ጥቁር ነበር እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ጆን ብላንክ የሚባል ጥቁር መለከት ነፊ በሄንሪ 8ኛ ቤተ መንግሥት ደመወዝተኛ ነበር፤ በ1511 የተደረገውን የዌስትሚንስተር በፈረስ ላይ ሆኖ በጦር የመጋጠም ውድድር በሚያሳየው ጥቅል ሥዕል ላይ ከነመለከቱ ተስሏል። ይህን በፈገግታ ንገሩትና እለፉ።

አለባበሱ እንዲህ ይሁን፦

- በእጅ የተሸመነ፣ ጥለቱ ቀለል ያለ ምረጡ። የሚያብለጨልጭ ሽፎንና ዚፕ ያለው የሰርግ ቀሚስ ለዚህ አይሆንም።
- ነጠላው ይንሸራተታል። ትከሻ ላይ በመርፌ ቁልፍ ያዙትና መርፌውን በእጥፋቱ ሸፍኑ። ጫፉ መሬት እንዳይነካ በቀበቶ ሰብስቡት።
- ጋቢ ኦገስት ላይ እብደት ነው። ለኦክቶበር ምሽት ግን የሚያክለው የለም።
- የአንገት ማተብና መስቀል ችግር የለውም። የካህን ጥምጥም፣ የእጅ መስቀል፣ ካባ ላንቃ አይሆንም። ቢራ የሚጠጣበት፣ ቀልድ የሚቀለድበት ቦታ ነው። እናታችሁ ፎቶውን ቢያዩ ምን እንደሚሉ አስቡ።
- የአያትን ጎራዴ ቤት ተዉት። ቢጠፋ አይተካም።

ነጭ ልብስና የተርኪ ታፋ ጠላት ናቸው። ቅባቱ በክርን በኩል ይወርዳል። እኔ ያየሁት ነገር ነው፤ እናቴ የላከችው ነጠላ ጥለቱ ላይ እስከ ዛሬ የቅባት ምልክት አለው። ስትበሉ ነጠላውን አውልቃችሁ ከረጢት ውስጥ ክተቱ።

ደረጃ 4፦ በሩ ላይ

1. ከመክፈቻው ሰዓት ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። መኪና የሚቆመው ሣር ሜዳ ላይ ነው። ያቆማችሁበትን ፎቶ አንሱ፣ ማታ ሁሉም ረድፍ አንድ ይመስላል።
2. ጎራዴ ወይም ጩቤ ከያዛችሁ አፎት ውስጥ ይሁን። አብዛኞቹ ፌሮች እጀታውን ከአፎቱ ጋር እንዲታሰር ይጠይቃሉ። ማሰሪያውን ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ጠንካራ ጥብጣብ ይበቃል። ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ለፎቶም ቢሆን አትምዘዙት።
3. የ1 እና የ5 ዶላር ኖት ያዙ። ብዙዎቹ የመድረክ ሰዎች የሚኖሩት ከትርኢቱ በኋላ ባርኔጣ ሲያዞሩ በሚያገኙት ነው። ፊት ለፊት ተቀምጦ 40 ደቂቃ ስቆ ባርኔጣው ሲመጣ ስልክ ማየት ነውር ነው፤ እኛ ደግሞ አዝማሪ የምንሸልም ሕዝብ ነን።

*ቢበላሽ፦* ጎራዴው ካልተፈቀደ በር ጠባቂው ጋ አትከራከሩ። መኪና ውስጥ ቆልፉት። ያለ ጎራዴም ቀኑ ያምራል።

ደረጃ 5፦ ለብሳችሁ ስትሄዱ ጠባይ

መልበሳችሁ ውይይት ይጋብዛል። ተዋናዮች ያቆሟችኋል፣ ሕፃናት ያዩአችኋል፣ ቱሪስት ሽንት ቤት የት ነው ይላችኋል።

- ተዋናይ ሲያናግራችሁ አጭር መልሱ፣ ተራውን ለእሱ መልሱለት። አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ሳቅ፣ በቃ። ከኋላችሁ ልጅ አዝላ የምትጠብቅ እናት አለች።
- ንጉሥ ሲያልፍ ከመንገዱ ዳር ሁኑና እጅ ንሡ። ይህን ማንም አያስተምረንም።
- መድረክ ላይ ላለ ሰው፣ እሱ ራሱ ካልጠየቃችሁ በቀር አትመልሱለት። የቀልዱ ማሳረጊያ የእሱ ነው።
- የሰው ልብስ ሳትጠይቁ አትንኩ። ኮርሴት የለበሰች ሴት መልበሷ ፈቃድ አይደለም።
- መንገድ ሲጠይቋችሁ ካላወቃችሁ አትፍጠሩ። ወደ ሱቆቹ ምሩ። «እኔም መንገደኛ ነኝ» ማለት ይበቃል።
- የጠፋ ሕፃን ካገኛችሁ ጨዋታው ያበቃል። በተለመደው ድምፃችሁ አናግሩት፣ ካላችሁበት አትውሰዱት፣ አንድ ሰው ወደ ጥበቃ ላኩ።

ቋንቋውን አትፍሩት። የድሮው እንግሊዝኛ ውስጥ «ዛው» እና «ዩ» ልክ እንደ እኛ «አንተ» እና «እርስዎ» ናቸው። «ዛው» ለልጅ፣ ለወዳጅ፣ ለበታች። «ዩ» ለከበረ ሰው። አሜሪካኖቹ «ዛው» የድሮ ስለሆነ ትልቅ ይመስላቸውና ለንጉሡ ይሉታል። ንጉሡን «አንተ» ማለታቸው ነው! እናንተ አትሳሳቱም።

*ቢበላሽ፦* ራስ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ ወዲያው ጥላ ስር ግቡ። ማሰሪያውን ሁሉ አላሉ፣ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ጠጡ፣ አንገትና ብብት ላይ እርጥብ ጨርቅ አድርጉ። የታመመው ሰው መዘባረቅ ከጀመረ፣ ላቡ ከቆመ ወይም ራሱን ከሳተ 911 ደውሉ፣ የፌሩንም የመጀመሪያ ርዳታ ጥሩ። ቢራ ውሃ አይደለም። ጠጅም።

እዚህ ድረስ የመጣና የረካ ሰው ማንበቡን ያቁም።

ደረጃ 6፦ ከማመልከታችሁ በፊት ሦስት ነገር አጣሩ

1. ክፍያ። መድረክ ላይ ሳይሆን በፌሩ መንገዶች ላይ እየተዘዋወሩ የሚጫወቱ ሰዎች በብዙ ፌር በነፃ ወይም በትንሽ አበል ይሠራሉ። የመድረክ ባለሙያዎች ውል አላቸው። «ስንት ነው? ልብሱስ በማን ነው? ቤንዚንስ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱም በጽሑፍ ይሁን። ይሉኝታ እዚህ አይጠቅምም።
2. የሥራ ፈቃድ። ይህን ጠንቀቅ ብላችሁ አንብቡ። በኤፍ 1 የተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ያለ ፈቃድ ከግቢው ውጭ መሥራት አይችልም፣ የባርኔጣ ገንዘብም ክፍያ ነው። በነፃ ቢሆንም ለትርፍ የሚሠራ ድርጅት ጋ «በጎ ፈቃደኛ» መሆን ሊያጣላ ይችላል። ከመፈረማችሁ በፊት የትምህርት ቤቱን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ወይም ጠበቃ ጠይቁ። ለአንድ ሰሞን ጨዋታ ወረቀት አይበላሽም።
3. የቤት ስምምነት። ባል፣ ሚስት፣ ሕፃን የሚይዝ ሰው። የሁለት ወር ቅዳሜና እሁድ መሆኑን የቀን መቁጠሪያ ላይ አክብባችሁ አሳዩአቸው። በቃል አትንገሩ።

ደረጃ 7፦ ኦዲሽን (የተዋናይ ፈተና)

ፌሩ ከኦገስት በኋላ ከሆነ ኦዲሽኑ አብዛኛውን ጊዜ በአሜሪካ ክረምት (በብርዱ ወራት) ወይም በፀደይ ነው፤ ጃንዋሪ ላይ ድረ ገጹን መከታተል ጀምሩ።

1. ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ የሚሆን ነገር በቃላችሁ አጥኑ። የሚያስቅ ይሁን። አልቃሽ ንግግር ይዞ የሚመጣ ሞልቷል።
2. አንድ አጭር ዘፈን ያዙ፣ ባትዘፍኑም። ማሲንቆ፣ ክራር ወይም ዋሽንት የምትጫወቱ ከሆነ ይዛችሁ ሂዱ። ከመቶ ጊታር መሀል ይለያችኋል።
3. ፈጠራ ትጠየቃላችሁ። ሕጉ ቀላል ነው፦ ሌላው ተዋናይ ያለውን «እሺ» ብላችሁ ተቀበሉ፣ ላዩ ላይ ጨምሩ። «ላምህ ጣራ ላይ ወጥታለች» ካላችሁ «ላም የለኝም» አትበሉ። «ዛሬም? ትናንት ጎረቤት ጣራ ላይ ነበረች!» በሉ። ተረትና ምሳሌ እየሰማ ላደገ ሰው ይህ ከባድ አይደለም።
4. ስለ አነጋገራችሁ አትጨነቁ። የሄንሪ የመጀመሪያ ሚስት ካትሪን ስፔናዊት ናት። ባዕድ አነጋገር ያለው ሰው ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ነበር። የእንግሊዝ አነጋገር በግድ መኮረጅ ግን ያስቃል፣ በመጥፎው።

*ቢበላሽ፦* ቃሉ ከጠፋችሁ አታፍሩ፣ «ይቅርታ» ብላችሁም ከመጀመሪያው አትጀምሩ። በገጸ ባሕርዩ ቋንቋ «ወይኔ፣ ደብዳቤዬን ጣልኩት» ብላችሁ መሬት ፈልጉ። እሱን ነው ማየት የሚፈልጉት። ካልተቀበሏችሁ በሚቀጥለው ዓመት ተመለሱ፤ ፊት የሚለምዱ ሰዎች ናቸው።

ደረጃ 8፦ ገጸ ባሕርይ ስትሠሩ

አሥር ገጽ የሕይወት ታሪክ አትጻፉ። ማንም አይጠይቃችሁም። ሦስት ነገር ይበቃል፦ ሥራችሁ፣ ዛሬ የምትፈልጉት ነገር፣ የምትፈሩት ሰው።

«የፖርቱጋል መርከብ ያመለጠው ነጋዴ፣ ለንጉሡ ዕጣን ሊሸጥ ይፈልጋል፣ ቀራጩን ይፈራል።» በዚህ ብቻ ቀኑን ሙሉ መጫወት ይቻላል። እንግዳ ሁሉ ይገባበታል፦ አንዱን ዕጣኑን አሽትቱት፣ ሌላውን ቀራጩ መጣ አልመጣ ጠብቅልኝ በሉት። ሕፃናት ቀራጭ መጠበቅ ይወዳሉ። አንዷ የስድስት ዓመት ልጅ ሩብ ሰዓት ሙሉ ዛፍ ስር ቆማ ጠብቃልኛለች፣ አባቷ ሳንድዊች ይዞ እየለመናት።

እሳት ያለው ዕጣን ግን ሳትጠይቁ አታጭሱ። ደረቅ ሣርና እንጨት ቤት ነው ያለው።

ደረጃ 9፦ የትርኢት ቀን

1. ቁርስ ብሉ። ጨው ያለው ነገር ይሁን። ፍርፍር ድንቅ ነው።
2. ሁለት ካልሲ፣ ሁለት የውስጥ ሸሚዝ ያዙ፣ እኩለ ቀን ላይ ቀይሩ።
3. ድምፃችሁን ከጉሮሮ ሳይሆን ከሆድ አውጡ። ከጠፋ ማንሾካሾክም ይጎዳል፤ ዝም በሉና ለኃላፊያችሁ ንገሩ። ቀኑን በእጅ ምልክት መጫወት ይቻላል፣ ሰው ይወደዋል።
4. እንግዳ ላይ አትጫኑ። ዓይኑን ያሸሸ ሰው አይፈልግም ማለት ነው። ልጅ ካለቀሰ ተንበርከኩ፣ ሁለት እርምጃ ራቁ፣ ከእናቱ ጋር ተነጋገሩ።
5. ሰካራም ሲያስቸግር አንዴ በጨዋታ ሸኙት። ከደገመ ገጸ ባሕርዩን ጣሉት፣ በግልጽ «አቁም» በሉ፣ ጥበቃ ጥሩ። እጅ ቢዘረጋ አንዴም አትጠብቁ።
6. ለምሳ ስትቀመጡ መጋረጃ ጀርባ ሁኑ። ንጉሥ ስልክ ይዞ ያየ ልጅ ጥያቄው አያልቅም።

በሩ ሲዘጋ ሁሉም አንድ ላይ ይወጣል፣ መንገዱም ይጨናነቃል። አትቸኩሉ። መኪናው ኋላ ላይ ሰፋ ያለ ፌስታልና ነጠላ ጫማ ይኑራችሁ። ቦቱን አውልቁ፣ ፌስታሉ ውስጥ ክተቱት፣ ቤት ስትደርሱ ጋዜጣ ጠቅጥቁበት፤ በሚቀጥለው ጠዋት መልሳችሁ ትለብሱታላችሁ። ላብ የጠጣውን ሸሚዝ ማታውኑ ንከሩት። ነጠላውን በእጅ እጠቡት፣ ማሽን ውስጥ እንዳትከቱት፣ ጥለቱ ይኮማተራል።